ትልቁ መርከብ ወይስ ትንሹ

...አባባም ወንበር ላይ ቆሞ፣ ጣቱን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካርታ ቀስሮ፣ ይሄ ሁሉ ሰማያዊ ባሕር ነው ሲለን፣ አንቺ ቀለም ነው እንጂ የታል ውሃው ብለሽው፣ እሱ እየሳቀ ከወንበሩ ሲወርድ፣ ከዚያ የተናገረው ነገር ነበር። ምን ነበር? ከጠዋት ጀምሮ ልጨርሰው እሞክራለሁ። ወንበሩ ጋ ስደርስ ይጠፋብኛል።

እታለም፣ ሰላም ሳልልሽ ወሬ ውስጥ ገባሁ፤ ይቅር በይኝ። ብዕሩን ሳነሳ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ስለሆነ ነው። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ የታችኛውን ክፍል ለቀቁልሽ? ዓይንሽን ከታከምሽ ወዲህ ራስሽ ማንበብ መጀመርሽን ሲነግሩኝ ደስ አለኝ። በስልክ ፋንታ የጻፍኩልሽም ለዚህ ነው፤ ስልክ ላይ ሳወራ ባለቤቴ ትሰማለች። እኔ ደህና ነኝ። ፊደሌ እንደምታዪው ነው፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ መስመሩም አብሮት ይሄዳል። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ባለፈው መርከቡን መረጣችሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ተመርጧል። እንዴት እንደተመረጠ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ልንገርሽ።

የጀመሩት ልጆቹ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን በመኖራችን ስጦታ ሊሰጡን ተማከሩ፤ በሜዲትራንያን ባሕር ላይ የመርከብ ሽርሽር። በስጦታው ተስማሙ፣ በመርከቡ ግን ተጣሉ። ትንሿ ልጄ ትንሹና ቅንጡው መርከብ ይሁንላቸው አለች። ትልቁ ልጄ ደግሞ ፕሪሚየም የሚባለው ትልቁ መርከብ ከበቂ በላይ ነው አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስልኩ ውስጥ ጮኹብኝ። ትንሿ፣ አባዬ፣ ፕሪሚየም የሚሉት እኮ የገበያ አዳራሽ ላይ ሞተር ገጥመው ባሕር ላይ ለቀውት ነው፣ ለእንቁላል ጥብስ ሰልፍ ልትቆሙ ነው አለች። ትልቁ፣ እሷ የምትለው የጡረተኞች ሳሎን ነው፣ እማዬ ከመሰላቸት ብዛት መልሕቁን ራሷ ነው የምትጎትተው አለ። እናታቸው ከኋላዬ ሳህን ታደርቅ ነበር። እማዬ ምን አለች አሉኝ። ዞር ብዬ አየኋት። አባታችሁ የወደደው ይሁን አለችና የደረቀውን ሳህን እንደገና ማድረቅ ጀመረች።

ሁለት ብሮሸር በፖስታ መጣልን። የሁለቱንም መርከቦች ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። መቼም ታውቂኛለሽ፣ እጄ እስኪከዳኝ ድረስ የሌላ ሰው ቤት ስነድፍ ነው የኖርኩት። ንድፍ ሳይ መስመሩ አይደለም የሚታየኝ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ማንን መተላለፊያ ላይ እንደሚገፋው፣ ጠዋት ማን ቀድሞ መታጠቢያ ቤት እንደሚገባ ነው። ትልቁ መርከብ፣ ፕሪሚየሙ ማለቴ ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት አልጋ ተገጣጥሞ፣ አንድ ወንበር፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እግሩን መሰብሰብ አለበት። ትንሹ፣ ቅንጡው፣ እያንዳንዱ ክፍል ሳሎን አለው፣ በረንዳ አለው፣ የልብስ መቀየሪያ አለው። ሁለት ሰው ሳይተያይ ሊከርምበት ይችላል። ለእኔ ጠባቡ ጥሩ መሰለኝ። በሥራዬ ዘመን ግን እንዲህ ያለ ክፍል ደንበኛ አምጥቶ ቢያሳየኝ ኖሮ ይሄ ቤት አይደለም፣ መሳቢያ ነው እለው ነበር።

ስለ ቤታችን ብዙ አልጻፍኩልሽም። ማንኮራፋትህ የጎረቤት ውሻ ያስነሳል ብላ ወደ ትንሿ ክፍል ከተዛወረች ቆየች። ያኔ ስንስቅበት ነበር። መጀመሪያ ትራሷ ሄደ። ከዚያ መነጽሯ። ከዚያ የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኗ፣ ቅባቶቿ፣ ራዲዮዋ። ማንም ሰው ምንም ነገር ተሸክሞ ሲያልፍ አላየሁም፤ ዕቃው ራሱ እየተነሳ የተከተላት ይመስለኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተቀይመሽኛል ወይ አልኳት። ኧረ አልተቀየምኩህም አለች። ቅያሜ ቢሆን እኮ ያልፍልኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን ቀርቶልን ነበር። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች። ጣቴ ቁልፉን ይዞ ቀዳዳውን ማግኘት አልቻለም፤ ሲንቀጠቀጥ ያልፈዋል። ስለዚህ እኔ መስታወቱ ፊት እቆማለሁ፣ እሷ ትመጣለች፣ ከታች ጀምራ ወደ ላይ ትወጣለች። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት የምንቆምበት ጊዜ እሱ ብቻ ነው። ድሮ፣ ቀና በል አንተ ሰውዬ፣ አላንቅህም ትለኝ ነበር። አሁን በትከሻዬ አሻግራ መስኮቱን እያየች ትቆልፋለች። ጣቶቿ ግን ሞቃት ናቸው። የአንገቱ ጋ ስትደርስ አገጬን አነሳለሁ። ከዚያ ትሄዳለች። ይኸው ነው። ሰው ለዚህ ብሎ ከአልጋ ይነሳል ወይ ትዪኝ ይሆናል። እኔ እነሳለሁ።

ፀጉር አስተካካዬን ሳይቀር ስለ መርከቡ አማከርኩት። መቀሱን አየር ላይ ይዞ አሰበና፣ አብራህ የምትሄደው ሴት ከተስማማችህ የልብስ ማጠቢያ ሳፋም መርከብ ነው፣ ካልተስማማችህ ደግሞ ወርቅ ቢለብጡትም ያው ሳፋ ነው አለኝ። ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ጆሮህን እንዳልቆርጠው አትሳቅ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ጉዞ ወኪሏ ብቻዬን ሄድኩ። ቢሮዋ ባለቤቴ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ማዶ ነው። ወኪሏን ባልደረቦቿ ካፒቴኗ ነው የሚሏት። ቀኑን ሙሉ መርከብ ስትሸጥ ትውላለች፣ ራሷ ግን የመናፈሻ ጀልባ ላይ እንኳን ወጥታ አታውቅም፤ ያጥወለውለኛል ትላለች። ገና በሩን ስከፍት፣ እንኳን መጡ ጋሼ፣ ጥያቄዎን ጨርሼልዎታለሁ አለችኝ። የምን ጥያቄ? ባለቤትዎ የጠየቁትን ነዋ። ወንበር ሳበችልኝ። ትንሹ መርከብ ላይ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ አሳላፊ አለው ጋሼ። ሻንጣ ይፈታል፣ ልብስ ይተኩሳል፣ ቁርስ አልጋ ድረስ ያመጣል። ሸሚዝ ይቆልፋል ወይ የሚለውን ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ኩባንያው ጋ ደወልኩ። በደስታ ብለዋል። ጫማም እናስራለን ብለዋል። ትልቁ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ክፍል አጽጂው አንሶላውን ዘርግቶ ይወጣል፤ እሱ ምን ያድርግ፣ ስንቱን ክፍል ያዳርሳል፣ እንኳን ሸሚዝ ሊቆልፍ ስምዎንም አይዝም።

ባለቤቴ ትቆልፍልኛለች እኮ አልኳት።

ካፒቴኗ ፈገግታዋን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። አይ፣ እሳቸው... ከሁለት አንዱ ቢቀር ሌላው ብቻውን መሄድ ይችላል ወይ ብለው ስለጠየቁኝ፣ የተነጋገራችሁበት መስሎኝ ነው አለች። ብዙ የማያወራ ሰው ማዕድ ላይ ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርጉለት ነገር አለ ወይ ብለውም ጠይቀውኛል። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረች፤ የተስተካከሉ ነበሩ።

አዎ፣ ተነጋግረንበታል አልኳት።

ወጣሁ። መንገዱን መሻገር ነበረብኝ፣ አልተሻገርኩም። መድኃኒት ቤቱ መስታወቱ ትልቅ ስለሆነ ከዚህ ማዶ ውስጡ ይታያል። እሷ መደርደሪያው ኋላ ቆማ ለአንድ አዛውንት የመድኃኒት ካርቶን ላይ ትጽፍላቸዋለች። ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ፣ ይሄን ከወተት ጋር እንዳይወስዱት። ድምጿ አይሰማኝም፣ ጣቷን ግን አየዋለሁ። ሰውዬው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እስኪገባቸው ድረስ አትለቃቸውም፤ ደግማ ታስረዳለች፣ ካርቶኑን እጃቸው ላይ አስቀምጣ ጣታቸውን ታጥፍላቸዋለች። ለሁሉም ሰው እንዲህ ናት። እኔንም እንዲህ ጽፋብኝ፣ አስረድታ፣ ለሌላ ሰው ልታስረክበኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ ገባሽ አይደል እታለም? ትንሹን መርከብ ብመርጥ የሚያለብሰኝ አለ፤ እሷ ትቀራለች፣ እኔ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ትልቁን ብመርጥ ሸሚዜን የሚቆልፍልኝ የለም፤ ጨክና ብቻዬን አትሰደኝም፣ መምጣቷ ግድ ነው። ልጆቹ ስለ ምግቡና ስለ ሙዚቃው ይከራከራሉ። ትንሿ ፎቶ ትልካለች፣ ትልቁ በፎቶው ላይ ያሾፋል። እኛ ቤት ያለው ክርክር ሌላ ነው፤ ከሁለታችን አንዳችንም አፍ አውጥተን አንናገረውም።

እራት ላይ እሷ ጀመረች። ትንሹን ውሰድ፣ ጸጥታ ትወዳለህ አለች። ግርግር ያምሃል። ምግቡም ቀለል ያለ ነው።

እኔ ደግሞ ትልቁን ማወደስ ያዝኩ። ቲያትር አለው አልኩ። የዳንስ አዳራሽ አለው። ከላይኛው ፎቅ ተነስቶ የሚጠማዘዝ የውሃ መንሸራተቻ አለው።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። አንተ? አንተ ነህ በውሃ የምትንሸራተተው? ሰው በዛ ብለህ ከልጅህ ሠርግ ኬክ ሳይቆረስ የወጣኸው ሰውዬ?

ሰው ይለወጣል አልኳት።

መነጽርህንስ ማን ይይዝልሃል?

አንቺ ነሻ። ከታች ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ።

ሳቀች። የውሸት አይደለም፣ ከሆዷ ነው፤ ዓይኗን እስክትጠርግ። በዚያ ቦርጭህ ውሃውን ሁሉ ይዘኸው ነው የምትወርደው፣ ሌላው ሰው በደረቅ ይንሸራተታል አለች። እኔም ሳቅኩ። ሳልሰማው የቆየሁት ሳቅ ነው እታለም፣ ሌላ ሴት ከበሩ የገባች መሰለኝ። ያኔ ልነግራት ነበር። ካፒቴኗ ነግራኛለች፣ አውቃለሁ፣ አትሂጂ። ሦስቱም ቃል አፌ ላይ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ። የዳቦ ፍርፋሪ በጣቷ እየሰበሰበች፣ ትንሹን ውሰድ፣ በናትህ አለችኝ። ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር በናትህ ብላኝ አታውቅም።

በማግስቱ ሄጄ ትልቁን አስያዝኩ። ለሁለት ሰው አልኩ። ካፒቴኗ ቀና አለች። ሁለታችሁም? ሁለታችንም። እሰይ! እኔማ ጋሼ አፌን ምን አስከፈተኝ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት አለች። ልታቅፈኝ ምንም አልቀራትም። ጠባቡ ክፍል ነው የምትወስዱት፣ ሰፋ ያለ አለ እኮ አለችኝ። ጠባቡ ይሁን አልኳት።

ቤት ስገባ እሷ ልብስ ታጥፍ ነበር። ትልቁን አስያዝኩ አልኳት። እሺ አለች። ከክምሩ አንድ ሸሚዜን አነሳች፣ ቁልፎቹን በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው፣ ከዚያ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሳ አጠፈችው። ምን እያሰበች እንደነበር አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ያሸነፍኩ መሰለኝ። ምሽቱን ዜማ ያፏጨሁ ይመስለኛል።

ትናንት ከሥራ ስትመለስ ትልቅ ፌስታል ይዛ ገባች። አልጋዬ ላይ ዘረገፈችው። በራስ የሚጠለቁ ሹራቦች። በራስ የሚጠለቁ ካናቴራዎች፣ አንገታቸው ሰፋ ሰፋ ያለ። ወገባቸው ላስቲክ የሆነ ሱሪዎች። ማሰሪያ የሌለው ጫማ። አንድም ቁልፍ የለም እታለም፣ አገላብጬ አየሁ፣ ኪሱ ላይ እንኳን የለም። ደግሞ በዘፈቀደ የተገዛ አይደለም። ቀለማቸው እኔ የምወደው ዓይነት ነው፣ ጨርቁ ቆዳዬን የማይበላው ዓይነት ነው። ስንት ሱቅ ዞራ ይሆን? እስቲ ሞክራቸው አለች።

አንዱን አነሳሁ። ራሴን አስገባሁ፣ ቀኝ እጄን አስገባሁ፣ ግራው መንገድ ጠፋው። ውስጡ ደብዛዛ ነው፣ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አለው። እዚያ ሆኜ ጠበቅኳት። ሁልጊዜ ትመጣ የለ? በሹራቡ ክር መሐል ትታየኛለች፤ እጆቿን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ አንዱ ሌላውን አጥብቆ ይዞታል። አቃተኝ ማለት እችል ነበር። ውሸትም አይሆንብኝም። አቃተኝ ብል ኖሮ ወደ ሱቁ ይመለሱ ነበር ሁሉም። ለምን እንዳላልኩ እስካሁን አላውቅም። የያዘቻቸው እጆቿ ናቸው መሰለኝ። ግራ እጄን ቀዳዳው ውስጥ እየገፋሁ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ አወጣሁት። ራሴንም አወጣሁ። ፀጉሬ ቆሞ ነበር።

ቻልክ አለች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። ይኸው፣ ቻልክ አይደል? አለች ደግማ፣ የመጀመሪያ እርምጃውን ለሚሄድ ሕፃን እንደሚባለው።

ቻልኩ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ራሴ ለበስኩ። እሷን ሳልጠራ ማለት ነው። ከክፍሌ ስወጣ ቁርሷን በልታ፣ ብርጭቆዋን አጥባ ጨርሳ ነበር። ያምርብሃል አለችኝ ከማድ ቤት በር ላይ ሆና። አመሰገንኳት። ፊት ለፊት የምንቆምበት ጉዳይ አልነበረንም። ትንሽ ቆምኩና ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ትልቁ አሸነፍኩ እያለ እህቱን ያበሽቃታል። ትንሿ፣ ቢያንስ አብራችሁ ፎቶ ተነሱልኝ፣ ለየብቻ ብትነሱ አላየውም አለች። እሺ አልናት፣ ሁለታችንም በአንድ ድምፅ።

ምክር አልጠይቅሽም። ምን ልትዪኝ ትችያለሽ? የጉዞው ቀን ሲደርስ አብራኝ ትሳፈር ይሆናል። ወደብ ድረስ ሸኝታኝ ትመለስ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ላትቆይም ትችላለች። ወደ አንቺ ትመጣ ይሆናል ብዬም አስባለሁ፤ መቼም ሁልጊዜ ከእኔ ይልቅ ላንቺ ትቀርባለች፣ እህቴ የምትለው አንቺን ነው። ከመጣች ምን ሆነሽ ነው ብለሽ አትጠይቂያት። አስገቢያት፣ የሚበላ ስጪያት፣ ጸጥ ያለውን ክፍል ልቀቂላት፤ እንቅልፍ የላትም። ማወቄን ግን አትንገሪያት። ወንድሜ ድሮም ፈዛዛ ነው፣ ምንም አልገባውም በያት። ታምንሻለች።

ላሳጥረው። ከሹራቦቹ የአንዱ አንገት ጠበብ ይላል፣ ሱቁ ሳይዘጋ ልቀይረው ብላ ልትወጣ ነው። የምትጽፈውን ከጨረስክ በዚያው ፖስታ ቤት አደርስልሃለሁ ብላኛለች። ኮሪደሩ ላይ ካፖርቷን ስትለብስ ይሰማኛል።

ጉልበትሽን ያበርታልሽ። የተመለሰልሽ ዓይን የሚያስደስትሽን እንጂ የሚያስለቅስሽን አያሳይሽ። በቤትሽ የልጅ ሳቅ፣ በደጅሽ የዘመድ ኮቴ አይጥፋ። ስለ እኔ አታስቢ፤ አሁን ራሴን ችያለሁ።

ያሳደግሽው፣
ታናሽ ወንድምሽ

እታለም፣ ፖስታው ላይ አድራሻሽን ስጽፍ እጄ ዘገየብኝ። ቆይ፣ መጣሁ አልኳት። እሺ አለች። ወረቀቱን አጥፌ ስነሳ በሩ ተዘጋ፤ ደብዳቤው እጄ ላይ ቀረ።